ኮምፒዩተር ብዙ ቋንቋ ባንድነት ሲማር፤ ከገዳሪፍ አንጻር

በመተማ በኩል ድንበሩን ተሻግረን፣ ገላባትን አልፈን ወደ ገዳሪፍ ስንዘልቅ በገበያው የምንሰማው ቋንቋ አንድ አይደለም። የሱዳን ዓረብኛ፣ አማርኛ፣ ትግርኛ፣ ሐውሳም ይነገራል። በሰላሙ ጊዜ ለሰሊጥና ለማሽላ አጨዳ ከአገራችን የሚሻገረው የቀን ሠራተኛ በአንድ ውሎ ሁለቱን ሦስቱን ያፈራርቃል፤ አንዱ ለሌላው ስንቅ ይሆነዋል እንጂ አያደናግረውም። ኮምፒዩተርስ እንዲህ ሊማር ይችላልን?

ሰው ሠራሽ የነርቭ መረብ የሚባለው በድርብርብ የተያያዙ እጅግ ብዙ ቁጥሮች ነው። መልሱ ሲሳሳት ቁጥሮቹ ጥቂት በጥቂት ይታረማሉ፤ መማር የሚባለውም ይኸው ነው። ቀድሞ ለአንድ ሥራ አንድ መረብ ማሠልጠን የተለመደ ነበር። አሜሪካዊው ተመራማሪ ሪች ካሩዋና እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተመው ጥናት ይህን ልማድ ሞገተ። ከምሳሌዎቹ አንዱ የሳንባ ምች ነው። ከሕመምተኞች መካከል ለሞት የሚያሰጋው የትኛው እንደሆነ የሚገምተው መረብ፣ በሥልጠናው ጊዜ የደም ምርመራ ውጤታቸውንም አብሮ እንዲገምት ተደረገ። በሽተኛው ሆስፒታል ሲደርስ የላቦራቶሪው ውጤት ገና አልወጣምና ለግምቱ መነሻ ሊሆን አይችልም፤ ለልምምድ ግን ይጠቅማል። ተጨማሪው ሥራ ዋናውን አሻሻለው። ሁለቱ ሥራዎች የሚጋሯቸው ቁጥሮች የበሽታውን ጠባይ አጥብቀው እንዲይዙ ተገደዋልና። እኛ መምህራን ይህ ብዙም አያስገርመን ይሆናል፤ ሒሳብ የገባው ተማሪ ፊዚክስ ይቀልለዋል።

ሐሳቡ ወደ ትርጉም ሥራ ሲዛመት ነገሩ የድንበሩም ጉዳይ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2016 የጉግል ተመራማሪዎች አንድ መረብ ብዙ ቋንቋዎችን እንዲተረጉም አደረጉ። ዘዴው ቀላል ነው፤ የሚፈለገውን ቋንቋ የሚነግር ምልክት በዓረፍተ ነገሩ መግቢያ ላይ ማስቀመጥ። ከፖርቱጋልኛ ወደ እንግሊዝኛ፣ ከእንግሊዝኛ ወደ ስፓኒሽ የተማረው መረብ፣ ማንም ሳያስተምረው ከፖርቱጋልኛ ወደ ስፓኒሽ መተርጐም ቻለ።

እ.ኤ.አ. በ2020 ድንበር የለሽ ተርጓሚዎች የተባለው ድርጅት ባልደረቦች ትግርኛን ወደ እንግሊዝኛ የሚተረጉም መረብ ሲሠሩ፣ በግዕዝ ፊደል ከሚጻፉ ሌሎች ቋንቋዎች የተገኘውን ትምህርት አወረሱት፤ ትርጉሙም ተሻሻለ። (ይህ አንዱን ከሌላው በኋላ ማስተማር እንጂ በአንድ ጊዜ ማስተማር አልነበረም፤ ዝምድናው ግን ቅርብ ነው።) በዚያው ዓመት መጨረሻ የትግራይ ጦርነት ተነሥቶ በጥቂት ወራት ከ60,000 በላይ ሰው ወደ ምሥራቅ ሱዳን ተሰደደ፤ በ1980ዎቹም ስደተኛ ያስጠጋ የነበረው በገዳሪፍ ግዛት የሚገኘው የኡም ራኩባ ሰፈር እንደገና ተከፈተ።

እ.ኤ.አ. በ2022 ሜታ ኩባንያ 200 ቋንቋዎችን በአንድነት የተማረ መረብ አወጣ። አማርኛና ትግርኛ አሉበት። ጽሑፍ ያነሰው ቋንቋ ጽሑፍ ከበዛለት ጋር ሲማር ይደጎማል፤ ቁጥሮቹ ውስን ስለሆኑ ግን አንዱ ሌላውን የሚጋፋበት ጊዜም አለ። ስለዚህ ሠሪዎቹ ሁሉም የሚጋሩትን ክፍል ሳይተዉ፣ ለእያንዳንዱ የቃል ቁራጭ ተመርጠው የሚሠሩ ክፍሎችን ጨመሩበት።

በእኛ አስተያየት ከመጋፋቱ ይልቅ የሚያሳስበው ከክፍሉ ጭራሽ አለመግባት ነው። በዚያ ዝርዝር የግብፅ ዓረብኛ አለ፤ የገዳሪፍ ገበያ የሚነጋገርበት የሱዳን ዓረብኛ የለም። በከሰላና በቀይ ባሕር ግዛት የሚነገረው ቤጃም የለም። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2023 የሱዳን ጦርነት ሲነሣ የስደቱ መንገድ ተገለበጠና ሱዳናውያን በመተማ በኩል ወደ እኛ ገቡ። በዚህ መረብ ሊጠቀም የሚፈልግ መዝጋቢ የስደተኛዋን ቃል በካይሮ ወይም በመጻሕፍቱ ዓረብኛ በኩል አሳልፎ መስማት ይኖርበታል።