የድመት ቀለብ፦ ከአይጥ ወደ ቆርቆሮና ከረጢት

ድመት ከሰው ጋር መኖር የጀመረችው ቀለብ እንዲሰፈርላት አልነበረም። ገበሬው እህሉን በጎተራ ሲያከማች አይጥ መጣ፤ አይጥን ተከትላም ድመት መጣች። የዘር ግንዷ በመካከለኛው ምሥራቅና በአፍሪካ የሚኖረው የዱር ድመት ሲሆን፣ ይህ አውሬ ዛሬም በኢትዮጵያና በምሥራቅ አፍሪካ ይገኛል። ውኃ በማይበዛበት ምድር የለመደ በመሆኑ ጥሙን የሚቆርጠው በአብዛኛው ካደነው ሥጋ ነው፤ ከአይጥ ገላ 70 ከመቶ ያህሉ ውኃ ነውና።

ይህ ልማድ በከተማ ኑሮ ተለወጠ። በ19ኛው መቶ ዘመን የለንደን ቸርቻሪዎች የተቀቀለ የፈረስ ሥጋ በእንጨት እየሰኩ ለድመት ባለቤቶች በየደጁ ይሸጡ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1860 ግድም አሜሪካዊው ጄምስ ስፕራት በዚያችው ከተማ የውሻ ብስኩት ለገበያ አቀረበ። በ1922 ደግሞ በአሜሪካ በቆርቆሮ የታሸገ የፈረስ ሥጋ ለውሻ መሸጥ ጀመረ፤ ለድመት የሚታሸገውም ተከተለ። ይሁንና በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ቆርቆሮ ለጦር ሥራ ስለተፈለገ፣ ገበያው ፊቱን ወደ ደረቁ ቀለብ መለሰ። በ1950ዎቹ ሊጡን በሙቀትና በግፊት አብስሎ በቀዳዳ የሚያወጣ መኪና ለዚሁ ሥራ ሲውል፣ ሳይበላሽ የሚቆየው እንክብል ተስፋፋ።

ነገር ግን ሆድን መሙላትና ጤናን መጠበቅ አንድ አይደሉም። በ1975 ተመራማሪዎች ታውሪን የተባለው ንጥረ ነገር የጎደላት ድመት የዓይኗ ብርሃን እንደሚጠፋ አሳወቁ። በ1987 ደግሞ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ ዴቪስ፣ እነ ፖል ፒየን የዚሁ ንጥረ ነገር እጥረት ልብን አሳብጦ እንደሚያደክም፣ ታውሪን ሲሰጣቸውም ብዙዎቹ ድመቶች እንደሚያገግሙ አረጋገጡ። የታመሙት የፋብሪካ ቀለብ ሲመገቡ የነበሩ ናቸው። ከዚያ ወዲህ አምራቾች የታውሪኑን መጠን ከፍ አደረጉ።

እንግዲህ እርጥቡና ደረቁ የየራሳቸው ጥቅም አላቸው። በቆርቆሮ የሚመጣው ከ75 ከመቶ በላይ ውኃ ስለሚይዝ፣ ውኃ መጠጣት ለማታዘወትርና የሽንት ቧንቧ ሕመም ለሚያስቸግራት ድመት ይመረጣል። 10 ከመቶ ያህል ብቻ ውኃ ያለው እንክብል በዋጋ ይረክሳል፤ ሳህን ላይም ቢውል አይበላሽም፤ ሳይሰፈር ከተተወላት ግን ያወፍራታል። ሁለቱን አቀላቅሎ መስጠትም ይቻላል። የትኛውም ቢመረጥ ቀለቡ ለድመት የተሟላ መሆኑን ከማሸጊያው ማንበብ፣ ንጹሕ ውኃም ዘወትር ማቅረብ ያስፈልጋል። አይጧን ራሷ አድና ትበላ የነበረች እንስሳ፣ ቤት ከተዘጋባት በኋላ የምትበላውን የሚመርጥላት ሰው ነውና።