ስለ በጎ አድራጎት ሕግ

ከዓባይ ሸለቆ በላይ በቦረና ምድር ባለችው በመካነ ሰላም፥ እንደ ወሎ ሁሉ፥ ሰው በሞተ ጊዜ ቀብሩን የሚያስፈጽም፥ ሐዘንተኛውንም የሚያጽናና ቅሬ ነው፤ ይኸውም በሌላው አገር እድር የሚባለው ነው። የቅሬውን ገንዘብ ዳኛው ይጠብቃል፤ ዳኛውንም የጎረቤት ዓይን ይጠብቀዋል።

ነገር ግን በ1965 እና በ1977 ዓ.ም. ረኃብ ወሎን በመታው ጊዜ ብዙ ርዳታ ከባሕር ማዶ መጣ። ሰጪው ተቀባዩን አያውቀውም፤ ተቀባዩም ሰጪውን አያየውም። ስለዚህ በመካከላቸው የሚቆመውን ድርጅት የሚቈጣጠር ሕግ ያስፈልጋል።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለማኅበራት ሥርዓት ሠርቶላቸው ነበር። በ2001 ዓ.ም. የታወጀው አዋጅ ቍጥር 621 ግን እጅግ አጠበቀው፤ ከገቢው ከመቶ 10 እጅ በላይ ከውጭ አገር የሚያገኝ ድርጅት ስለ ሰብአዊ መብት፥ ስለ ፍትሕና ስለ ዕርቅ እንዳይሠራ ከለከለ። በዚህም ምክንያት ብዙዎች ሥራቸውን ተዉ ወይም ለወጡ። በ2011 ዓ.ም. አዋጅ ቍጥር 1113 ይህን ክልከላ አነሣ፤ ቀድሞ ከመቶ 30 የነበረውን የአስተዳደር ወጪ ግን ወደ 20 ዝቅ አደረገ። ሁለቱም አዋጆች እድርን አልነኩትም።

ከዚህ አንድ ነገር እንረዳለን። ቅሬው ዳኛውን የሚመረምረው «ገንዘቡ ወዴት ወጣ?» ብሎ እንጂ «ከማን መጣ?» ብሎ አይደለም። የመጀመሪያው ጥያቄ ሌባን ያስፈራል፤ ሁለተኛው ግን ለጋሡንም ከሌባው ጋራ ያባርራል፤ ጕዳቱም የሚያርፈው በችግረኛው ላይ ነው።