ሰንጠረዥና የድል ሚዛን



በየመሥሪያ ቤቱ ቍጥር የምንደረድርበትን በመስመር የተከፈለ ገጽ ሰንጠረዥ እንለዋለን። በዚሁ ስም የሚጠራ ጨዋታ በቀድሞ ዘመን በነገሥታቱና በመሳፍንቱ አዳራሽ የተከበረ ነበር። በ1860 (እ.ኤ.አ.) ጎንደር ላይ የሞተው የእንግሊዝ ቆንስል ዋልተር ፕላውደን ስለዚህ ጨዋታ ከጻፉት አውሮጳውያን አንዱ ነው።

ቼዝን ለሚያውቅ ሰው ሰንጠረዥ እንግዳ አይሆንበትም። ገበታው ስምንት በስምንት ነው፤ ነገር ግን በጥቁርና በነጭ አልተዥጐረጐረም፤ በመስመር ብቻ ይከፈላል። ሠራዊቱም ንጉሥ፣ ፈርዝ፣ ፊል፣ ፈረስ፣ ደርና መደቅ ናቸው። ሲጀመር ተራ መጠበቅ የለም፤ የመጀመሪያው ምርኮ እስኪያዝ ድረስ ሁለቱም ባላጋሮች በአንድ ጊዜ ሠራዊታቸውን ያሰልፋሉ። ይህም ወረራ ይባላል። በወረራው ጊዜ የቸኰለ አሳቡን ለባላጋራው ይገልጣል፤ የዘገየም ሳይሰናዳ ይያዛል።

ዋናው ብልኃት ግን በአጨራረሱ ላይ ነው። በኃይለኞቹ በደርና በፈረስ ያሸነፈ ሰው እምብዛም አይመሰገንም። በደካሞቹ በፈርዝ ወይም በፊል ያሸነፈ ይመሰገናል፤ በመደቅ ያሸነፈ ግን ከፍ ያለ ክብር ያገኛል። ከዚህም በላይ ብቻውን የቀረ ንጉሥ አይሸነፍምና ባላጋራውን ፈጽሞ የገፈፈ ሰው ድሉን በገዛ እጁ ያጣል። ከንጉሡ ጋራ ከመደቅ ሌላ አንድ ብቻ የቀረ እንደ ሆነ፣ ያ የቀረው ሰባት ጊዜ ሳይንቀሳቀስ ድሉ መፈጸም አለበት። ስለዚህ ተጫዋቹ ምርኮ ባየ ቍጥር እጁን ከመዘርጋቱ በፊት ጥቅሙንና ጕዳቱን ይመዝናል።

ደፋርን በክብር የሚክስ፣ ስሕተቱንም የሚቀጣ እንዲህ ያለ ሥርዐት በሌላም አገር ይገኛል። በስኮትላንድ፣ በሴንት አንድሩስ አሮጌው የጎልፍ ሜዳ፣ በ17ኛው ጕድጓድ ተጫዋቹ ኳሱን ከወሰን ውጭ ባለው ማዕዘን በላይ አሻግሮ ቢመታ መንገዱ ያጥርለታል፤ ቢሳሳት ግን ይቀጣል። ወደ ግራ ርቆ በደኅና የመታም ሁለተኛው ምት ይከብድበታል። ማንም አያስገድደውም፤ ምርጫው የራሱ ነው።

ነገር ግን ሕግ ብቻውን ክብርን አይሰጥም። እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት በ1805 (እ.ኤ.አ.) ራስ ወልደ ሥላሴ በትግራይ በመኳንንታቸው መካከል ሰንጠረዥ ሲጫወቱ አየ። በዙሪያው የነበረው ሁሉ፣ ባሮች እንኳ ሳይቀሩ፣ እየጮኸ ይመክር፣ ጠጠሩንም እያነሣ ያሳይ ነበር። ሆኖም ሶልት እንደ ታዘበው፣ ሰዎቹ በብልኃት ራስ ወልደ ሥላሴ ሁልጊዜ እንዲያሸንፉ ያደርጉ ነበር። ባላጋራ ፈርቶ የለቀቀው ድል በመደቅም ቢገኝ ምን ክብር አለው? አለቃውን ላለማስከፋት እውነተኛ አሳቡን የሚሰውር ሠራተኛም ይህንኑ ጨዋታ ይጫወታል።

ሰንጠረዥ ከ1928 ዓ.ም. የኢጣልያ ወረራ ወዲህ እየተዘነጋ ሄዶ ስፍራውን ቼዝ ወረሰው። በቼዝ ንጉሡ በማንም ቢያዝ ድል አንድ ድል ነው። አባቶቻችን ግን ከማሸነፍ አልፈው በምን አሸነፍህ ብለው ይጠይቁ ነበር። ጨዋታው ቢረሳ እንኳ፣ አንባብያን ሆይ፣ ጥያቄው ሊረሳ አይገባውም።