የ7,000 ዶላሩ ሳጥን

አንድን ፊልም አይተው የወጡ ተመልካቾች ለሁለት መከፈላቸው አዲስ ነገር አይደለም። አንዱ የወደደውን ሌላው ይጠላል፤ ነገሩም በዚያው ያበቃል። ስለ «ፕራይመር» የተነሣው ክርክር ግን ከመውደድና ከመጥላት ያለፈ ነው። ይህ ፊልም እ.ኤ.አ. በ2004 ለሕዝብ ከቀረበበት ጊዜ ጀምሮ ተመልካቹን የከፈለው ጥያቄ «ያልገባኝን ሥራ ላመስግነው ወይስ ልንቀፈው?» የሚል ነው። እኔም በዚህ ጥያቄ ፊት አንድ ጊዜ አፍሬ ስለማውቅ ታሪኩን ከመነሻው ላነሣው ወደድሁ።

በጊዜ ውስጥ የመመላለስ ሕልም በወረቀት ላይ ወጪ የለውም። እንግሊዛዊው ኤች. ጂ. ዌልስ እ.ኤ.አ. በ1895 ባሳተመው «ዘ ታይም ማሽን» ልቦለዱ፣ ተጓዡን ወደ 802,701 ዓ.ም. የሰደደው በብዕርና በቀለም ብቻ ነበር። ሲኒማ ግን ሁሉን በዓይኑ ካላየ የማያምን ተመልካች አለበት፤ ለዓይን ማሳየት ደግሞ ገንዘብ ይጠይቃል። ፈረንሳዊው ክሪስ ማርከር እ.ኤ.አ. በ1962 ሌላ መንገድ እንዳለ አሳየ። «ላ ዠቴ» የተባለውን የ28 ደቂቃ ፊልሙን ከሞላ ጎደል በቆሙ ፎቶግራፎች ሠራው። በመካከሉ የሚንቀሳቀስ አንድ ምስል ብቻ አለ፤ የተኛች ሴት ዓይኖቿን ስትገልጥ። የቀሩት ምስሎች አለመንቀሳቀስ ጉድለት መሆኑ ቀርቶ እንደ ትዝታ ሆኖ ይታያል።

ከ42 ዓመት በኋላ አሜሪካዊው ሼን ካሩዝ መጣ። ካሩዝ ሒሳብ የተማረና በኢንጂነርነት የሠራ ሰው ነበር። 7,000 ዶላር ገደማ በሆነ ገንዘብ፣ በቴክሳስ ግዛት በዳላስ አካባቢ፣ «ፕራይመር»ን ቀረጸ። ጽሑፉን ጻፈ፤ ፊልሙን አዘጋጀ፤ ከሁለቱ ዋና ገጸ ባሕርያት አንዱን ሆኖ ተወነ፤ ምስሉን ቆርጦ ቀጠለ፤ ሙዚቃውንም ራሱ ደረሰ። ይህ የ77 ደቂቃ ሥራ በ2004 በሰንዳንስ የፊልም ፌስቲቫል የዳኞችን ታላቅ ሽልማት ሲወስድ ክርክሩም አብሮት ተወለደ።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ኤረንና ኤብ የተባሉ ሁለት ወጣት ኢንጂነሮች በትርፍ ጊዜያቸው በቤት ውስጥ ሲሞካክሩ ያላሰቡትን መሣሪያ ይሠራሉ። መሣሪያው ሰው የሚያስተኛ ሳጥን ነው። ጠዋት በሰዓት ቆጣሪ እንዲነሣ አድርገውት ይሄዳሉ፤ ከራሳቸው ጋር እንዳይገናኙም ሆቴል ዘግተው ይውላሉ። ሰዓቱ ሲደርስ ተመልሰው ሳጥኑ ውስጥ ይገባሉ፤ ሲወጡ ጠዋት ነው። ነገር ግን ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ለመመለስ ስድስት ሰዓት ሙሉ ሳጥኑ ውስጥ መተኛት ግድ ነው። ከዌልስ ጀምሮ በብዙ ድርሰቶች ዘመናት በደቂቃ የሚታለፉ ናቸው፤ እዚህ ግን ወደ ኋላ የሚኬድባት እያንዳንዷ ደቂቃ ከተጓዡ ዕድሜ ላይ ትቆረጣለች።

የነቃፊዎቹ ክስ ቀላል አይደለም። ሁለቱ ሰዎች የሚነጋገሩት በኢንጂነር ቋንቋ ነው፤ አንዱ ሳይጨርስ ሌላው ይጀምራል፤ ድምፁም አልፎ አልፎ ጥርት ብሎ አይሰማም። በመካከል አንድ ጎረምሳ ያልሆነ፣ ጢሙ ያደገ ሰው በሌሊት መኪና ውስጥ ይታያል፤ እርሱም ጊዜን ተሻግሮ እንደመጣ እንረዳለን፤ እንዴትና ለምን እንደመጣ ግን ማንም አይነግረንም። አድናቂዎቹ በበኩላቸው፣ ኢንጂነሮች እርስ በርሳቸው የሚያውቁትን ነገር ቆመው አይተረጉሙም፤ ፊልሙ ለተመልካቹ አእምሮ ክብር ሰጥቷል ይላሉ። ከእነርሱም ብዙዎች የጊዜውን መስመር በሥዕል ለማሳየት ደክመዋል። አሜሪካዊው የካርቱን ሠዓሊ ራንዳል መንሮ እ.ኤ.አ. በ2009 የተለያዩ ፊልሞችን ገጸ ባሕርያት ጉዞ በመስመር ሲያሳይ፣ የ«ፕራይመር»ን የሣለው እንደተወሳሰበ ክር አድርጎ ነው።

እኔ ፊልሙን መጀመሪያ ያየሁት ከአንድ ወዳጄ ጋር ነበር። ሲያልቅ ወዳጄ «እኔ ምንም አልገባኝም፤ አንተስ?» አለኝ። «ግሩም ሥራ ነው» አልሁት፤ ግማሽ ሰዓት ያህልም ስለ ጥልቀቱ አወራሁለት። ዝም ብሎ ሰማኝና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ፤ «በመጨረሻ ላይ ስንት ኤረን ነበር?» መልስ አልነበረኝም። ወሬ ቀየርሁ። እርሱም አልተጫነኝም፤ ግን እንዳወቀብኝ አወቅሁ።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ብቻዬን፣ እርሳስና ወረቀት ይዤ ዳግመኛ አየሁት። ኤረኖቹን ለመቁጠር ተቀምጬ ሳለ በመጀመሪያው ቀን ያመለጠኝን ሌላ ነገር አገኘሁ። ኤብ ለክፉ ቀን ብሎ ከጓደኛው ደብቆ ያስነሣው ሌላ ሳጥን አለ። ኤረን ይህን ሳጥን ያገኘዋል፤ ማግኘቱንም ለኤብ አይነግረውም። በእርሱ ተመልሶ ያለፈውን ቀን እንደገና ይኖረዋል። የዚያን ቀን ንግግሮች ቀድሞ ቀድቷቸዋልና በጆሮ ማዳመጫ እየሰማ የራሱን ቃል ይደግማል። ኤብ ከጓደኛው ጋር እየተጫወተ ይመስለዋል። ኤረን ግን ኤብ የሚመልስለትን ሁሉ አስቀድሞ በጆሮው ሰምቶታል።

እርሳሴን አስቀመጥሁ። እኔም ለወዳጄ ያን ግማሽ ሰዓት ያወራሁለት፣ ስለ ፊልሙ አስቀድሜ ካነበብኋቸው ሐተታዎች የቃረምሁትን ነበር። በእኔም ጆሮ የተቀዳ ድምፅ ነበረ።

በእኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ሥራ ሲያጋጥም «ሰምና ወርቅ ነው» ብሎ ማለፍ ይቀናል። ነገር ግን ቅኔ ሰሙም ትርጉም አለው፤ ወርቁ ጋ ያልደረሰ ሰሚ እንኳ ባዶ እጁን አይመለስም። ስለዚህ ስለ «ፕራይመር» ሊጠየቅ የሚገባው «ሰሙ የት አለ?» ተብሎ ነው። እኔ እንዳየሁት ሰሙ የሁለት ጓደኛሞች መለያየት ነው። በጋራ ሳጥን ይሠራሉ፤ በጋራ አክሲዮን ገዝተው ያተርፋሉ፤ ጆሯቸው ይደማል፤ የእጅ ጽሕፈታቸው ይበላሻል። አንዱ ከሌላው ይደብቃል፤ በመጨረሻም በአውሮፕላን ማረፊያ ተቆራርጠው ይለያያሉ። ይህን ለመረዳት ሥዕልም ቀመርም አያስፈልግም።

ይህን ስል ነቃፊዎቹ ተሳስተዋል ማለቴ አይደለም። ይህ ሰም ስስ ነው። ጥርት ብሎ ያልተሰማው ድምፅና ሳይገለጥ የታለፈው ክፍል ሁሉ በምስጢር ሊቆጠር አይገባውም፤ ከፊሉ በአጭር ገንዘብ የመሥራት ዕዳ ይመስለኛል። እጥረት ያመጣውን ሁሉ ጥበብ ብሎ መጥራት ለሠሪውም ክብር አይሆንም፤ በእውነት የደከመበትን ካልደከመበት ጋር መደባለቅ ነውና። አድናቂዎቹም በከንቱ አልደነቁም። ሰው የባልንጀራውን መልስ አስቀድሞ ካወቀ ጨዋታቸው ጨዋታ እንደማይሆን በአንድ የጆሮ ማዳመጫ ብቻ ያሳየ ፊልም፣ ከዚህ ሌላ ምንም ባይኖረው እንኳ፣ ዋጋ አለው። ሳይገባው ያመሰገነና ሳይገባው የነቀፈ ግን ወንድማማቾች ናቸው፤ ሁለቱም የገባቸውን ትተው ስላልገባቸው ይፈርዳሉ።

ወዳጄን ባገኘሁት ጊዜ እውነቱን ነገርሁት፤ ያን ዕለት አንዳች እንዳልገባኝና የተናገርሁት የሌሎችን ቃል እንደነበረ። ሳቀ፤ «አውቄ ነበር» አለኝ። ከዚያ በኋላ እንደገና አብረን አየነው። እርሱ ዛሬም ፊልሙን አይወደውም፤ እኔ እወደዋለሁ። ኤረን ስንት እንደሆነም እስካሁን አልተስማማንም።