ከወላይታ ስምጥ ሸለቆ እስከ አትላስ ተራሮች፦ የጥንት ስንጥቆች ሥራ

ከሶዶ ከተማ ወደ አባያ ሐይቅ የሚወርድ ሰው 800 ሜትር ገደማ ዝቅ ይላል። መሬቱ ግን በአንድ ቁልቁለት ሳይሆን እንደ ደረጃ እየተቆረጠ ይወርዳል። በየእርከኑ ጠርዝ ላይ ከደቡብ ምዕራብ ወደ ሰሜን ምሥራቅ የሚሄድ ስንጥቅ አለ፤ የስንጥቁ አንዱ ወገን ሲሰምጥ ሌላው ከፍ ብሎ ቀርቷል።

ስንጥቆቹ በዘፈቀደ አልተሰመሩም። ከላቫው ሥር ያለው መሠረተ አለት ከ500 ሚሊዮን ዓመታት በፊት በጥንታውያን የብስ አካላት ግጭት የተሰፋ ነው። ምድሪቱ መለጠጥ ስትጀምር፣ የተሰፋ ጨርቅ ሲጎተት ስፌቱ ላይ እንደሚተረተር ሁሉ፣ በአብዛኛው በእነዚያ ደካማ መስመሮች ተቀደደች። የዳሞታ ተራራም የዚሁ መለጠጥ ውጤት ነው። ተራራው በግፊት የታጠፈ ሳይሆን ከ3 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት ቅልጥ አለት ወደ ላይ ወጥቶ የከመረው እሳተ ገሞራ ነው።

የተለጠጠ ምድር ተመልሶ ሲገፋ ምን ይሆናል? መልሱ በሞሮኮ ይታያል። ዛሬ የከፍተኛው አትላስ ተራሮች በቆሙበት ስፍራ፣ ከ200 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት ስምጥ ሸለቆ ነበር። ሸለቆው በደለልና በባሕር ዝቃጭ ተሞላ። በኋላ አፍሪካና አውሮፓ ሲቀራረቡ፣ መሬትን ወደ ታች ያሰመጡት ብዙዎቹ ስንጥቆች በተቃራኒው ሠርተው ያንኑ መሬት ወደ ላይ ገፉት። በባሕር ወለል የተጋገረው የኖራ ድንጋይ ዛሬ በተራራ ላይ የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው። ሰንሰለቱ በቱብካል 4167 ሜትር ይደርሳል። ግፊቱም አላበቃም፤ ጳጉሜን 3 ቀን 2015 ዓ.ም. በዚያው ተራራ ሥር የደረሰው መጠኑ 6.8 ሆኖ የተመዘገበ የመሬት መንቀጥቀጥ ወደ 3000 የሚጠጉ ሰዎችን ገድሏል። ከሟቾቹ ብዙዎቹ በጭቃና በድንጋይ በተሠሩ ቤቶች ውስጥ የነበሩ የገጠር ነዋሪዎች ናቸው።

ወላይታ ገና በመለጠጥ ላይ ናት። የስምጥ ሸለቆው ሁለት ወገኖች በዓመት 5 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሚራራቁ፣ እንደ አትላስ ያለ ተራራ በቅርብ የሚጠበቅ አይደለም።

ለገበሬው ይበልጥ የሚቀርበው ጉዳይ ውሃ ነው። ስንጥቆቹ የከርሰ ምድር ውሃ መተላለፊያ ናቸው፤ ፍል ውሃም የሚወጣው በእነርሱ በኩል ነው። በስምጥ ሸለቆው ወለል የሚቆፈር ጉድጓድ ብዙ ጊዜ ከፍተኛ ፍሎራይድ ይይዛል፤ ይህም ጥርስን ያበልዛል፣ ሲበዛም አጥንትን ይጎዳል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። ፍሎራይድ በጣዕምም ሆነ በመልክ ስለማይታወቅ፣ አዲስ ጉድጓድ ለመጠጥ ከመዋሉ በፊት ውሃው በላቦራቶሪ መመርመር አለበት።