አንቀጽ 17 እና የክፍላችን ቴሌግራም

ወዳጆቼ፣ የድሮ ተማሪዎቼ፣ ዛሬ ትንሽ ይረዝምብኛል፣ ታገሱኝ።

ከላሊበላ ተነስታችሁ በጋሸናና በወልድያ አድርጋችሁ ወደ ደሴ ስትወርዱ፣ ሐይቅ ከመድረሳችሁ በፊት ውጫሌን ታልፋላችሁ። አብዛኛው ተሳፋሪ እዚያ ጋ እንቅልፍ ላይ ነው። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክና የኢጣሊያው መልእክተኛ ኮንት ፔትሮ አንቶኔሊ የተዋዋሉት እዚያው አካባቢ፣ ይስማ ንጉሥ በሚባለው ስፍራ ነው።

አንቀጽ 17ን ሁላችሁም በፈተና ጽፋችሁልኛል። ግን አንድ ነገር በደንብ ያስተማርኳችሁ አይመስለኝም። አንቀጹ ራሱ የሚያወራው ስለ መሬት ወይም ስለ ጦር ሳይሆን ስለ መልእክት ነው። ንጉሡ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ሲጻጻፉ በማን በኩል ይላኩ የሚል ነው። አማርኛው በኢጣሊያ መንግሥት አጋዥነት መላላክ «ይቻላቸዋል» ይላል። ካሻቸው ይልኩበታል፣ ካላሻቸው ይተዉታል። ጣሊያንኛው ግን በኢጣሊያ በኩል ለመላክ ተስማምተዋል የሚል ነው፤ ሮም ደግሞ ይህን ግዴታ ነው ብላ ያዘችው። የባሰው አንቀጽ 19 ነው፦ ሁለቱም ቅጂዎች እኩል የጸኑ ናቸው ይላል!

በጥቅምት 1882 ሮም ጉዳዩን ለአውሮፓ መንግሥታት አስታወቀች። እነሱ የምኒልክን ልብ አላዩም፣ አማርኛውንም አላነበቡም፤ የደረሳቸው አንድ መግለጫ ብቻ ነው። ምኒልክ በዚያው ወር ነግሠው ለንግሥት ቪክቶሪያና ለጀርመኑ ንጉሠ ነገሥት ሲጽፉ፣ መልሱ «በኢጣሊያ በኩል አድርጉት» የሚል ሆኖ መጣ። ነገሩ የተጋለጠው መልእክት ተልኮ መልስ ሲመለስ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለውን ታውቁታላችሁ። በየካቲት 1885 ምኒልክ ውሉን ማፍረሳቸውን አስታወቁ፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓድዋ ሆነ (ከእኛ ጎረቤት ከዋግ ዋግሹም ጓንጉል ሠራዊታቸውን ይዘው ነበሩ)፣ በጥቅምት 1889 የአዲስ አበባው ውል ውጫሌን ሻረው። ለአንዲት ግሥ የተከፈለውን ዋጋ አስቡት።

አሁን ለምን ይህን አነሳሁ? ባለፈው መንፈቅ ዓመት ኮምፒውተር የተማረ አንድ የድሮ ተማሪዬ፣ ለሆም ሩም ክፍሌ በቴሌግራም የሚሠራ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ረዳት ሠራልኝ። ኤጀንት ነው የሚሉት። እኔ በአማርኛ አዘዋለሁ፣ እሱ ይጽፋል፣ ይልካል። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ኤጀንቱ በእጁ የተለያዩ መሣሪያዎች አሉት። እያንዳንዱ መሣሪያ ስም አለው፣ ጥቂት ዓረፍተ ነገር መግለጫ አለው፣ የሚሞላ ባዶ ቦታም አለው፤ ለማን፣ ምን ጽሑፍ የሚል። የትኛውን መቼ እንደሚጠቀም የሚወስነው በዚያ መግለጫ ነው። በውስጥ ያለውን ኮድ አያይም። «ቲቸር፣ መግለጫውን እርስዎ ይጻፉት፤ ሥራውን የሚያውቁት እርስዎ ነዎት» አለኝ። እኔም በጥድፊያ አንዲት መስመር ጻፍኩ፦ «ለተማሪዎች መልእክት መላክ ይቻላል።»

አንድ ማታ የአንዲት ልጅ ውጤት ዝቅ ብሎብኝ «ውጤቷን ንገራትና ሰኞ ታነጋግረኝ» ብዬ አዘዝኩት። እሱ ሆዬ ከነስሟ፣ ከነውጤቷ በክፍሉ ግሩፕ ላይ ለጠፈው። አጠፋሁት፣ ግን ያየው አይቶታል። ልጅቷ ሁለት ቀን ከትምህርት ቤት ቀረች። በሦስተኛው ቀን እቤቷ ሄጄ እናቷ ፊት ይቅርታ ጠየቅኩ። ምን ልበላችሁ፣ ከብዶኝ ነበር።

መጀመሪያ የተቆጣሁት ፕሮግራሙን ነው። ተማሪዬ ግን ረጋ ብሎ «ቲቸር፣ ምን ብለው ነበር የጻፉት?» አለኝ። ከፍቼ አነበብኩት። «ይቻላል»! በየዓመቱ አንቀጽ 17ን የማስተምረው ሰውዬ! ለማን ይቻላል? ለአንዱ ወይስ ለሁሉ? መቼ? ማንን አስፈቅዶ?

እርግጥ ሁለቱ አንድ አይደሉም። አንቶኔሊ በሸዋ ቤተ መንግሥት ዓመታት የቆየ ሰው ነው፤ ነገሩን ሁሉ የትርጉም ስህተት ነው ብሎ ማለፍ እኔ አይዋጥልኝም። ሮም ከዚያ ንባብ ጥቅም ነበራት። ኤጀንቱ ምንም ጥቅም የለውም፤ እኔ የተውኩትን ክፍተት በመሰለው ሞላው፣ በቃ።

መሣሪያውን ለሁለት ከፈልነው። የአንደኛው መግለጫ አሁን እንዲህ ይላል፦ «ለክፍሉ በሙሉ ማስታወቂያ መላኪያ። የተማሪ ስም ወይም ውጤት ያለበትን በዚህ አትላክ። ከመላክህ በፊት ጽሑፉን ለመምህሩ አሳይ፣ እሺ እስኪል ጠብቅ።» ሁለተኛው፦ «ለአንድ ተማሪ ብቻ በግል መላኪያ። ተመሳሳይ ስም ካለ አትገምት፣ ጠይቅ።» ሰዓትም ጨመርንበት፦ «ሰዓት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው፤ ጠዋት 2 ሰዓት ማለት በፈረንጅ 8 ሰዓት ነው።» ይህን ባንጽፍ ኖሮ አንድ ቀን ተማሪዎቼን በውድቅት ሌሊት ለፈተና ይጠራልኝ ነበር። ተማሪዬ በመግለጫ ብቻ አልተማመነም፤ እኔ ቁልፍ ካልነካሁ ምንም እንዳይወጣ በኮዱም ዘጋው።

ከዚያ ሞከርነው። «ለብርሃኑ ነገ መጽሐፉን ይዞ እንዲመጣ ንገረው» አልኩት። «በክፍሉ ሦስት ብርሃኑ አሉ፤ የትኛው ነው?» ብሎ ጠየቀኝ።

ልጅቷ ተመልሳ እየተማረች ነው። የሚቀጥለውን ፈተና ውጤቷን ግን በወረቀት አጥፌ በእጇ ነው የሰጠኋት።