በቤት ውስጥ የኮራል አኳሪየም የአከርካሪ አልባ እንስሳት ግጭት

የአከርካሪ አልባ እንስሳት ግጭት በቤት ውስጥ የኮራል አኳሪየም ሲባል፣ በአንድ የጨው ውኃ ገንዳ አብረው የሚኖሩ ኮራሎች፣ የባሕር አኒሞኖች፣ ሽሪምፖች፣ ሸርጣኖች፣ ቀንድ አውጣዎችና የባሕር ኮከቦች እርስ በርስ ሲነዳደፉ፣ ሲበላሉ ወይም ሲመራረዙ የሚደርሰው ጉዳት ነው። በባሕር ውስጥ ይህ የዘወትር ኑሮ ነው፤ የተሸነፈው ይሞታል፣ የፈሰሰውን መርዝም ማዕበሉ ይወስደዋል። በቤት ገንዳ ውስጥ ግን ውኃው የትም አይሄድም። 200 ሊትር በሚይዝ ገንዳ ውስጥ አንድ ትልቅ አኒሞን ሞቶ ቢበሰብስ፣ በጠቡ ውስጥ ያልነበሩትንም ይዞ ሊሞት ይችላል። ስለዚህ አደጋ ሲደርስ ከተጎጂው እንስሳ እኩል የሚታሰብለት ውኃው ነው።

የኮራሎች ጠብ

ኮራል ድንጋይ ወይም ተክል ቢመስልም እንስሳ ነው፤ ፖሊፕ በሚባሉ አፍ ባላቸው ትንንሽ አካላት የተሠራ ሲሆን፣ ለሚያድግበት ቦታና ለብርሃን ከጎረቤቱ ጋር ይጣላል። ተመራማሪዋ ጁዲት ላንግ በጃማይካ ኮራሎች ላይ አጥንተው በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ባሳተሟቸው ጽሑፎች፣ አንዳንድ ኮራሎች ከሆዳቸው የምግብ መፍጫ ክሮችን አውጥተው የነካቸውን ጎረቤት በቁሙ እንደሚፈጩት አሳይተዋል። ቀስ ብሎ የሚያድገው ኮራል በፍጥነት በሚያድገው ያልተዋጠበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ሁለተኛው መሣሪያ ረጃጅም የመንደፊያ ክር ነው። በቀይ ባሕርም የሚገኘው ጋላክሲያ ለዚህ የታወቀ ነው። ቀን ሲያዩት አጫጭር ፖሊፖች ያሉት ሰላማዊ ኮራል ይመስላል፤ ሌሊት ግን ከአካሉ ብዙ ርቀው የሚሄዱ ቀጫጭን ክሮችን ይዘረጋል፣ ውኃው ወደሚፈስበት አቅጣጫም ይንሳፈፋሉ። ባለቤቱ ጠዋት ተነስቶ በጎረቤቱ ኮራል ላይ ነጭ ቁስል ያገኛል፣ ጥፋተኛው ግን ክሩን ሰብስቧል። መንስኤውን ለማግኘት መብራቱ ከጠፋ ከአንድ ወይም ከሁለት ሰዓት በኋላ በባትሪ ማየት ያስፈልጋል። ኮራል ሲደረደርም ርቀቱ ብቻ ሳይሆን ፓምፑ ውኃውን ወዴት እንደሚገፋ መታየት አለበት፤ 10 ሳንቲሜትር ከፓምፑ ወዲህ እና 10 ሳንቲሜትር ከፓምፑ ወዲያ አንድ አይደሉም።

ሦስተኛው ኬሚካል ነው። እንደ ሲኑላሪያና ሳርኮፊቶን ያሉ ለስላሳ ኮራሎች ሳይነኩ ከሩቅ ጎረቤትን የሚጎዱ ውህዶችን ወደ ውኃው ይለቃሉ። ድንጋያማ ኮራሎች ያለ ግልጽ ቁስል ፖሊፓቸውን ዘግተው ከቀሩ፣ ይህ መጠርጠር አለበት። አክቲቬትድ ካርቦን የሚባለው የታከመ ከሰል እነዚህን ውህዶች ስለሚይዝ በማጣሪያው ውስጥ ይደረጋል፤ ከሰሉ እየጠገበ ስለሚሄድም በየጊዜው ይቀየራል።

የተነደፈ ኮራል መጀመሪያ ከነዳፊው ይራቃል። የሞተው ሥጋ በቀጭን የጎማ ቱቦ ተስቦ ይወጣል፤ ቁስሉ ወደ ጤናማው ክፍል እየሰፋ ከሆነ ጤናማው በመቁረጫ ተለይቶ በአዲስ ድንጋይ ላይ በሱፐር ግሉ ይለጠፋል። ሱፐር ግሉ ውኃ ውስጥ የሚደርቅ በመሆኑ ለዚህ ሥራ የተለመደ ነው።

የሚራመደው አኒሞን

በቤት ገንዳ ውስጥ በብዛት የሚያዘው አኒሞን፣ የክሮቹ ጫፍ እንደ ፊኛ የሚነፋው ኤንታክሜያ ኳድሪከለር ነው። ሳይንሳዊ ስሙ የመጣው ኤድዋርድ ሩፔልና ሎይካርት በ1828 (እ.ኤ.አ.) ስለ ቀይ ባሕር እንስሳት ካሳተሙት ሥራ ነው። እኒህ ሩፔል በ1830ዎቹ እስከ ጎንደር የተጓዙት ጀርመናዊ ተፈጥሮ አጥኚ ናቸው።

አኒሞን እንደ ኮራል በቦታው አይቆይም። ብርሃኑ ወይም የውኃው ፍሰት ካልተስማማው በእግሩ እየተንሸራተተ ይሄዳል፤ በመንገዱ ያገኘውን ኮራል ሁሉ ይነድፋል፣ ደካማ ቀንድ አውጣ ወይም ሽሪምፕም ከተጠጋው ይበላል። ከሁሉ የከፋው ወደ ፓምፑ መሳቢያ ሲደርስ ነው። ለዚህ መከላከያው ቀላል ነው፤ አኒሞኑ ከመግባቱ በፊት መሳቢያዎቹ በስፖንጅ ወይም በወንፊት ይሸፈናሉ።

ከተሳበ ግን ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። ፓምፑ ከኤሌክትሪኩ ይነቀላል። አኒሞኑ ከነመሳቢያው ወጥቶ ከገንዳው ውኃ በተሞላ ባልዲ ውስጥ ይቀመጣል እንጂ በእጅ አይጎተትም። ትንሽ ብቻ የተቀደደ አኒሞን ሊድን ስለሚችል በተከለለ ስፍራ ተለይቶ ይጠበቃል፤ አፉ ተከፍቶ የቀረ፣ ሥጋው በእጅ የሚበታተንና የሚከረፋ ከሆነ ግን ሞቷል፣ ወዲያው ይወገዳል። ቁርጥራጮቹ ተለቅመው ይወጣሉ፣ አዲስ ከሰል ይገባል፣ አንድ ፓምፕ የውኃውን ገጽ እንዲያናውጥ ይዞራል፤ ምክንያቱም ብስባሹን የሚበሉት ባክቴሪያዎች ኦክስጅኑንም ይጨርሳሉ። አሞኒያ በመመርመሪያ ይለካል፤ ዜሮ ካልሆነ ከውኃው ሩብ ያህል ይቀየራል፣ ልኬቱም ይደገማል።

እዚህ ላይ መቸኮል ሁለተኛ አደጋ ያመጣል። የባሕር ኮከብና ሽሪምፕ የጨው መጠን በድንገት ሲለወጥ ይሞታሉ። አዲሱ ውኃ በሙቀትም በጨዋማነትም ከገንዳው ጋር ካልተመሳሰለ፣ ከአሞኒያ የተረፈውን መድኃኒቱ ይገድለዋል። በቤት ውስጥ ሁልጊዜ የተዘጋጀ የጨው ውኃ ማስቀመጥ የሚመከረው ለዚህ ነው፤ ከኮምፒውተር ፋይል መጠባበቂያ ቅጂ ጋር ይመሳሰላል፣ አደጋው ከደረሰ በኋላ ሊሠራ አይችልም።

የተጠረጠሩ ሸርጣኖች

በባዶ ዛጎል ውስጥ የሚኖረው ሄርሚት የተባለው ሸርጣን ሲያድግ ሰፊ ዛጎል ይፈልጋል፣ ካጣም ቀንድ አውጣውን ገድሎ ዛጎሉን ይወርሳል። የተለያየ መጠን ያላቸው ባዶ ዛጎሎች ገንዳው ውስጥ ቢበተኑ ጠቡ ይቀንሳል። አስትሪያ የሚባለው ቀንድ አውጣ ደግሞ በጀርባው ከወደቀ ራሱን መገልበጥ ስለሚያቅተው ባለቤቱ በእጁ ሊያቃናው ይገባል።

በሬሳ ላይ የተገኘ ሁሉ ግን ገዳይ አይደለም። አብዛኞቹ ሽሪምፖችና ሸርጣኖች የሞተ ነገር ለቃሚዎች ናቸው። ሽሪምፕ ቅርፊቱን ሲቀይር የሚጥለው ባዶ ልብስም ሬሳ ይመስላል፤ ውስጡ ባዶና ብርሃን የሚያሳልፍ መሆኑን ያላየ ጀማሪ ስንቱን ንጹሕ ሸርጣን ከገንዳው አባርሯል። ጥፋተኛነቱ የማያጠራጥረው ሃርለኩዊን ሽሪምፕ ነው፤ ምግቡ የባሕር ኮከብ ስለሆነ ሁለቱ አብረው አይቀመጡም።

አይፕታሲያ የሚባለው አረማዊ አኒሞን ከድንጋይ ጋር ሳይታወቅ ገብቶ ኮራሎችን ይነድፋል። መፋቅ ያባብሰዋል፣ ከቀረው ቁራጭ እንደገና ያድጋልና። የተለመደው መፍትሔ አይፕታሲያ የሚበሉ የፔፐርሚንት ሽሪምፖችን ማስገባት ነው፤ ሁሉም ግን አይበሉም፣ አንዳንዶቹም ኮራል መቆንጠር ይጀምራሉ።

ለሰው የሚያሰጋው

ፓሊቶአ በተባሉ የአዝራር ቅርጽ ባላቸው እንስሳት አንዳንድ ዝርያዎች ውስጥ ፓሊቶክሲን የተባለ እጅግ ብርቱ መርዝ አለ። መርዙ በ1971 (እ.ኤ.አ.) ከሃዋይ ከተገኘ ፓሊቶአ ተለይቶ ወጥቷል። ጎረቤቱን እየሸፈነ ያስቸገረ ፓሊቶአ ሲነሳ ጓንትና የዓይን መከላከያ መነጽር ይደረጋል። የተያዘበትን ድንጋይ መቀቀል ወይም በፈላ ውኃ ማጠብ ፈጽሞ አይገባም፤ በእንፋሎቱ የተመረዙ ቤተሰቦች ሆስፒታል ገብተዋል። ከሥራው በኋላ አፍ መምረር፣ የመተንፈስ ችግር፣ ትኩሳት ወይም የጡንቻ ሕመም ከታየ ሳይዘገይ ወደ ሕክምና መሄድና የኮራል መርዝ ሊሆን እንደሚችል ለሐኪሙ መንገር ያስፈልጋል።

መድኃኒት

ለዓሣ በሽታ የሚሸጡ ብዙ መድኃኒቶች መዳብ አለባቸው። መዳብ ዓሣውን ቢያድንም አከርካሪ አልባ እንስሳትን ይገድላል፤ በድንጋይና በአሸዋም ውስጥ ሊቀር ይችላል። የታመመ ዓሣ ካለ ወደ ሌላ ገንዳ ተወስዶ እዚያ ይታከማል።